«ሽማግሌውና ልጁ» በአማርኛ ይቅረብልን፦ በእስራኤል ለአማርኛ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በእስራኤል ለአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ለሚያሰራጩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የፕሮግራም ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በጦርነት ጊዜ ስለ ተደበቀ አይሁዳዊ ልጅ የተሠራ ፊልም በሾዓ (ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት እልቂት) መታሰቢያ ዋዜማ በአማርኛ እንዲተላለፍ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የፕሮግራም ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዤ ነው። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ክሎድ ቤሪ የራሱን የልጅነት ታሪክ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው «ሽማግሌውና ልጁ» የተሰኘው ፊልም የአማርኛ ድምፅ ተሰጥቶት፣ በመጪው ዮም ሃሾዓ፣ ማለትም በሾዓ መታሰቢያ ቀን ዋዜማ፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሊያዩት በሚችሉበት ሰዓት እንዲተላለፍ እጠይቃለሁ። ጥያቄውን ለአንድ ጣቢያ በግል ማቅረብ ይቻል ነበር። በግልጽ ማቅረቡን የመረጥሁት ጉዳዩ የብዙ ቤተሰቦች ጉዳይ መሆኑን ስለማውቅና ሌሎችም ድምፃቸውን እንዲጨምሩበት ስለምፈልግ ነው።

በየዓመቱ ይህ መታሰቢያ የሚውልበት ኒሳን 27 ሲቃረብ፣ በዋዜማው ምሽት እኛ ቤት የሚሆነው ነገር በብዙዎቻችሁም ቤት የሚሆን ይመስለኛል። መዝናኛ ቤቶች በሕግ ይዘጋሉ፤ ቴሌቪዥኑም የወትሮ ፕሮግራሙን ትቶ ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎችን ምስክርነትና ስለዚያ ዘመን የተሠሩ ፊልሞችን ያሳያል። ንግግሩ በዕብራይስጥ ነው፤ በዕብራይስጥ ካልሆነም በፈረንሳይኛ፣ በፖላንድኛ ወይም በጀርመንኛ ሆኖ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከግርጌው ያልፋል። እናቴ ሰባ አምስት ዓመት አልፏታል። ዕብራይስጧ ለገበያና ለሐኪም ቤት ይበቃታል እንጂ የግርጌ ጽሑፍ ለማንበብ አያደርሳትም። ነጠላዋን ተከናንባ ከልጄ አጠገብ ትቀመጥና «ሴትዮዋ ምን አለች?» ብላ ትጠይቃለች። የልጄ አማርኛ ደግሞ «በላሽ ወይ፣ ደከመሽ ወይ» ከሚለው ብዙ አይዘልም። «መጥፎ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው» ትላትና ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ትመልሳለች። እናቴ «እግዚኦ» ትላለች፤ ማንን እንደወሰዱ፣ ከየት እንደወሰዱ፣ ወሳጆቹስ እነማን እንደነበሩ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት ታሪኩ ወደ ሌላ ሰው፣ ወደ ሌላ ከተማ ተሻግሯል። እኔ በመሐል ገብቼ ለማስረዳት ስሞክር ልጄ የምትሰማው ነገር ያመልጣታል። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለየብቻቸው ያዩታል።

ልጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ስድስት ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር በትምህርት ቤት ደጋግማ ሰምታዋለች፤ ከነዚያ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህሉ ሕፃናት እንደነበሩም ታውቃለች። እናቴ በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እዚህ አገር አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ፣ ጡሩንባው ሲነፋ ሥራዋን ጥላ ለሁለት ደቂቃ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ስለ ማን እንደምትቆም ግን በሚገባት ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቅጡ የነገራት የለም። እርሷን ከመሰሉ ወላጆቻችን ብዙዎቹ ስለ ሾዓ የሰሙት እዚህ አገር ከገቡ በኋላ ነው፤ የሰሙትም በቁጥርና በሥነ ሥርዓት እንጂ በሰው ታሪክ አይደለም። ፊልም የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ከፊልሞችም ሁሉ ይህን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ።

ዘመኑ ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ የወደቀችበት ነው። ክሎድ የተባለው የስምንት ዓመት ልጅ ከወላጆቹ ጋር በስውር ይኖራል፤ ነገር ግን ልጅ ነውና ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ከሱቅ የአሻንጉሊት ታንክ ይሰርቃል፤ ይያዛል። አባቱ በቁጣ ይናጣል፤ ቁጣው የፍርሃት ቁጣ መሆኑን ለማወቅ ተመልካቹ የግድ ወላጅ መሆን አያስፈልገውም። አንድ ጎረቤት ዓይኑን ቢጥልባቸው፣ አንድ ፖሊስ ስማቸውን ቢጠይቅ ቤተሰቡ በሙሉ ማለቁ ነው። ስለዚህ አንዲት ክርስቲያን ወዳጃቸው ልጁን በግሬኖብል አካባቢ ገጠር ውስጥ ወደሚኖሩት አረጋውያን ወላጆቿ እንዲልኩት ታደርጋለች። ከመሄዱ በፊት ላንግማን የሚለው የቤተሰቡ ስም ተቀይሮ ሎንጌ እንዲባል ይደረጋል። «አባታችን ሆይ» የሚለውን የክርስቲያኖች ጸሎት በቃሉ ይይዛል። ሲታጠብም ሆነ ሲለብስ ማንም ገላውን እንዳያየው ተብሎ በብርቱ ይነገረዋል።

የሚቀበሉት ሽማግሌ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ናቸው። በዚያ ጦርነት የቬርደን ውጊያ ጀግና የተባሉትንና አሁን የፈረንሳይ መንግሥት መሪ የሆኑትን ማርሻል ፔታንን እንደ አባት ያምናሉ፤ በፈረንሳይ ላይ ለደረሰው መዓት ሁሉ ተጠያቂዎቹ እንግሊዞች፣ አይሁዶች፣ ፍሪሜሶኖችና ቦልሼቪኮች ናቸው ብለው ገበታ በቀረበ ቁጥር ይናገራሉ። እኒሁ ሰው ሥጋ አይቀምሱም፤ ቤታቸው ያደጉትን ጥንቸሎች መብላት ግፍ ነው ይላሉ። ያረጀ ውሻቸውን ገበታ ላይ አስቀምጠው በማንኪያ ያበሉታል። ልጁን ገና በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ነፍሳቸው ይወዱታል። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያቅፉት፣ የሚያጫውቱትና የሚቆጡለት ልጅ አይሁዳዊ መሆኑን ግን አያውቁም፤ ፊልሙም እስከ መጨረሻው አይነግራቸውም።

ከፊልሙ ውስጥ አንድ ትዕይንት ብቻ ልጥቀስ። ልጁ ሽማግሌውን «አይሁዳዊ በምን ይታወቃል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እርሳቸውም በፍጹም እርግጠኝነት ስለ አፍንጫው፣ ስለ ሽታው ይዘረዝራሉ። ልጁ የፈራ መስሎ ያዳምጣቸዋል። ቆየት ብሎ የሽማግሌውን ትልቅ አፍንጫ ትኩር ብሎ ያይና እርሳቸው ራሳቸው አይሁዳዊ እንዳይሆኑ እንደሰጋ አድርጎ ያስጨንቃቸዋል። ሽማግሌው ይደናገጣሉ፤ ይምላሉ፤ ይገዘታሉ። ተመልካች ይስቃል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ውስጥ ማን ማንን በእጁ እንደያዘ የሚያውቀው የስምንት ዓመቱ ልጅ ብቻ ነው። ሽማግሌውን የተጫወተው ሚሼል ሲሞን በዚህ ሥራው በ1967 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ የብር ድብ ሽልማት አግኝቷል። የሚገባው ነበር፤ እኒህን ሰው ሰይጣንም መልአክም ሳያደርግ አቅርቧቸዋልና።

የልጁን አደጋ መጠን ተመልካቾቻችን እንዲረዱት ከፊልሙ በፊት አጭር መግቢያ ማስፈለጉ አይቀርም፤ መግቢያውም የፈረንሳይን ታሪክ በትክክል መናገር አለበት። የፔታን መንግሥት አይሁዶችን ከሥራና ከማዕረግ የሚያባርረውን የመጀመሪያ ሕግ በጥቅምት 1940 ያወጣው ጀርመኖች ሳያስገድዱት ነው። በሐምሌ 1942 በፓሪስና በአካባቢዋ በሁለት ቀን ውስጥ ከ13,000 በላይ አይሁዶችን፣ ከነዚህም ውስጥ ከ4,000 በላይ ሕፃናትን፣ ከየቤታቸው ለቅመው የወሰዱት የፈረንሳይ ፖሊሶች ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን ከፈረንሳይ ወደ ሞት ካምፖች የተጋዙት 76,000 ያህል ሲሆኑ ከነርሱ መካከል 11,000 ያህሉ ልጆች ናቸው፤ ከተጋዙት ሁሉ የተመለሱት ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። የግሬኖብል አካባቢ እስከ መስከረም 1943 በጣሊያን ጦር ሥር በመቆየቱ ለአይሁዶች ከሌላው ቦታ ይሻል ነበር፤ ጣሊያን እጇን ስትሰጥ ግን ጀርመኖች ገቡበት። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ኢዚዩ በተባለ መንደር በአንድ የሕፃናት ማደሪያ ተጠልለው የነበሩ 44 ልጆች ሚያዝያ 6 ቀን 1944 ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር በናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ በጌስታፖ ተይዘዋል። በፊልሙ ውስጥ ልጁ ዛፍ ላይ ሲወጣና ከመንደሩ ልጆች ጋር ሲጣላ የምናየው በዚያው ዘመን፣ በዚያው አካባቢ ነው። ፊልሙ ይህን አያሳይም። የተረጋጋው ገጠር፣ ጥንቸሉና ውሻው ይበቁታል፤ አደጋውን ማወቅ ያለበት ተመልካቹ ነው።

በሌላ በኩል በፈረንሳይ ከነበሩት አይሁዶች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ከእልቂቱ ተርፈዋል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ አንደኛው ግን እንደዚያ ያሉ ቤቶች በመላ አገሪቱ መኖራቸው ነው። ልጅ መደበቅ በር ከፍቶ ማስገባት ብቻ አልነበረም። ምግብ በራሽን ካርድ በሚታደልበት አገር ካርድ የሌለው ልጅ እንጀራ የለውም፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ካርድ መሠራት አለበት። የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ለጎረቤት የሚነገር የዝምድና ታሪክ ሁሉ አንድ ላይ መገጣጠም አለበት። የደማስቆ ተወላጅ የነበረው አይሁዳዊ ሙሳ አባዲና የኋላ ባለቤቱ የሆነችው ሐኪሟ ኦዴት ሮዘንስቶክ በኒስ ከተማ ከካቶሊኩ ጳጳስ ከፖል ሬሞን ጋር ተባብረው 527 ልጆችን በየገዳሙ፣ በየትምህርት ቤቱና በየገበሬው ቤት ደብቀው አድነዋል። ልጆቹን ወደ መደበቂያቸው ከመላካቸው በፊት አዲሱን ስማቸውን ያስጠኗቸው ነበር፤ በእንቅልፍ ልባቸው እንኳ ቢጠሩ በአሮጌው ስም አቤት እንዳይሉ። እውነተኛው ስም ደግሞ በምስጢር ተመዝግቦ መቀመጥ ነበረበት፤ አለዚያ ከጦርነቱ በኋላ የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የእስራኤል የሾዓ መታሰቢያ ተቋም የሆነው ያድ ቫሼም ከ1963 ጀምሮ አይሁዶችን ስላዳኑ አሕዛብ ጻድቃን በየአገሩ መርምሮ እውቅና ሲሰጥ ቆይቷል፤ እስካሁን ቁጥራቸው ከ28,000 አልፏል፤ የፈረንሳዮቹ ብቻ ከ4,000 በላይ ነው።

አሁን የእኛን ተመልካች ወደሚመለከተው ልለፍ። ይህን ፊልም ለእናቴ እኔው ጎን ለጎን እየተረጎምሁ አሳይቻት ነበር። ገና ከጅምሩ አንድ ነገር አልገባትም። «ልጁ ገላውን ቢያዩት ምን ይሆናል?» አለችኝ። ለካ እኛ አገር የተገረዘ ወንድ ልጅ ማየት ለማንም ምንም አይናገርም፤ ቤተ እስራኤልም ክርስቲያኑም ልጁን በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፤ እስላሙም ይገርዛል። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ገጠር ግን ክርስቲያን ልጁን አይገርዝም፤ ስለዚህ አንድ ወንድ ልጅ ሱሪው ሲወልቅ ሰውነቱ ራሱ ያሳጣዋል። ይህን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በኋላ ልጁ በታጠበ፣ ልብስ በቀየረ ቁጥር እርሷ በሶፋው ላይ ትቁነጠነጥ ነበር። የእናንተ አቅራቢ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ካልተናገረ ግማሹ ፍርሃት ከነጭራሹ ሳይታወቅ ያልፋል። በጥንቸሉ ነገር ግን ማብራሪያ አላስፈለጋትም፤ ጥንቸል አልበላም ያሉትን ሽማግሌ «ጎሽ፣ ሰው ናቸው» አለቻቸው። ወዲያው አይሁዶችን መስደብ ሲጀምሩ ደግሞ «ኧረ እኚህ ሰውዬ ምን ነካቸው!» አለች። በዚያ ሰው ላይ ለመፍረድ እንዲህ መቸገር ነው ፊልሙ የሚፈልገው፤ እናቴ ደግሞ የፊልም ተቺ ሳትሆን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰችበት።

ቀጥሎ የሆነው ግን ያልጠበቅሁት ነበር። ልጁ «አባታችን ሆይ» ሲል በሰማች ጊዜ እናቴ ስለ ሱዳን መናገር ጀመረች።

በ1984 ከጎንደር ገጠር ተነሥተን በእግር ሱዳን ስንገባ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ብዙ አላስታውስም። በኡም ራኩባ ካምፕ አይሁዳዊነታችን እንዳይታወቅ ይደበቅ እንደነበር በጥቅሉ አውቃለሁ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ያን ምሽት የነገረችኝ ግን ዝርዝሩን ነው። ሰው ቢጠይቀኝ ክርስቲያን ነኝ እንድል እንዴት እንዳስጠናችኝ፤ ስንሳሳት እንዴት እንደምትቆጣን፤ ከቆጣችን በኋላ ሌሊት እንዴት እንደምታለቅስ፤ ሰንበት መሆኑን እርስ በርስ እንዴት በዓይን ብቻ እንደምንነጋገር። ከጎናችን የነበረች የትግራይ ተወላጅ ስደተኛ ክርስቲያን ሴት ማንነታችንን ጠርጥራ ኖሮ አንድ ቀን «ለማንም አልናገርም» እንዳለቻትም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ሳትነግረኝ የኖረችው ደብቃው አይደለም፤ የሚጠይቃት ስላልነበረ ነው። ልጄ ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ያልገባትን አስተረጎመችኝ፤ ያን ዕለት ጠያቂዋ እርሷ ነበረች።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን እወዳለሁ። ሱዳንን ከሾዓ ጋር እኩል እያደረግሁ አይደለም። በናዚ እጅ የወደቀ አይሁዳዊ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ነበር፤ አንድን ሕዝብ እስከ ሕፃኑ ድረስ ለማጥፋት የተነሣ መንግሥት ከጀርባው ነበር። የእኛ መከራ ሌላ ነው፤ የራሱ ስም፣ በሄርጽል ተራራ የራሱ መታሰቢያ፣ በኢየሩሳሌም ቀን የራሱ ጸሎት አለው፤ በመንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁም እናስባለን። ነገር ግን ስሙን ውጦ፣ የሌላ ሰው ጸሎት እየጸለየ፣ በሌላ ስም እየተጠራ ፍቅር የሚቀበል ልጅ ምን እንደሚሰማው ከማንም በላይ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ አሉ። ሽማግሌው ያቀፉት ሎንጌ የተባለውን ልጅ ነው። ላንግማን የተባለውን ቢያውቁት ያቅፉት ነበር ወይ? ልጁ ይህን ጥያቄ ይዞ ነው ማታ ማታ የሚተኛው። የእኛ ወላጆች ይህን ጥያቄ ለማንም የማያስረዱት፣ ግን የኖሩበት ነው።

ከተወያየኋቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ተቃውሞ አቅርበውልኛል፤ ተቃውሞዎቹ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው «አይሁዳዊ የሚጠላ ሰው ደግ ሆኖ የሚታይበት ፊልም በሾዓ ዋዜማ ማሳየት አይከብድም ወይ?» የሚል ነው። ይከብዳል። እኔም ለልጄ ከማሳየቴ በፊት አስቤበታለሁ፤ ለሦስተኛና አራተኛ ክፍል ልጆች የማስተምር በመሆኔም ልጆች ከፊልም ምን ይዘው እንደሚወጡ ጥቂት አውቃለሁ። ፊልሙ ሽማግሌውን ይቅር አይልም። ጥላቻቸው በስንፍናና በወሬ የቆመ መሆኑን፣ አንድም አይሁዳዊ በቅርብ ሳያውቁ ሕዝብ ሙሉ እንደሚጠሉ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በሚያምኑበት ማርሻል መንግሥት ሥር እንደ ክሎድ ያሉ ልጆች ወደ ባቡር ሲገፉ እርሳቸው እያጨበጨቡ ነው፤ ይህን መርሳት የለብንም። በዚያው ልክ ደግሞ በቤታቸው ያለውን ልጅ ማንም እንዳይነካባቸው ይታገላሉ፤ ትምህርት ቤት ሲጎዱት ሄደው ይጣላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ልጄ ፊልሙ ሲያልቅ ያለችው «ለምን አልነገራቸውም?» ነው። እናቴ «ቢነግራቸው ኖሮስ?» አለቻት። በዚህ ጥያቄ ላይ አምሽተዋል። ደጉን ሰው ሁሉ ንጹሕ፣ ክፉውን ሁሉ ጭራቅ አድርገው የሚያቀርቡ ፊልሞች በቤታችን እንዲህ ዓይነት ወግ አምጥተው አያውቁም። ስለዚህ አደራ የምለው፣ የሽማግሌው የጥላቻ ንግግር ለጆሮ እንዳይከብድ ተብሎ በአማርኛው እንዳይለዝብ ነው። ከለዘበ ልጁ ምን እንደተሸከመ አይታወቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የራሳችን ታሪክ ሳይነገር የፈረንሳይ ታሪክ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ነው። ይህን የሚሉትን እረዳቸዋለሁ፤ የእኛ ታሪክ በዚህ አገር መጻሕፍት ውስጥ ዘግይቶና ጠቦ መግባቱ የሚያስቆጭ ነው። ነገር ግን እናቴን ያናገራት ይህ የፈረንሳይ ታሪክ ነው። ደግሞም የልጆቻችን የትምህርት ቤት ጓደኞች አያቶች በእነዚያ ገዳማትና በእነዚያ የገበሬ ቤቶች ተደብቀው ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእነርሱን ታሪክ ሳናውቅ የእኛን እንዲያውቁልን መጠየቅ ለእኔ ይከብደኛል።

ሌላ የበለጠ ዝነኛ ፊልም ይቅረብ የሚሉም አሉ። በተለይ ሉዊ ማል በ1987 የሠራውና በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ያገኘው፣ በአቮን ከተማ በነበረ የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት በጥር 1944 የተያዙትን ሦስት አይሁዳውያን ተማሪዎችና የደበቋቸውን አባ ዣክን ታሪክ መሠረት ያደረገው ፊልም ተነሥቷል። ትልቅ ፊልም ነው። ልጆቹ ወደ አውሽቪትዝ ተወስደው አልተመለሱም፤ አባ ዣክም ከማጎሪያ ካምፕ ነፃ በወጡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰኔ 1945 ሊንዝ ላይ ዐርፈዋል። እርሱን በሚቀጥለው ዓመት ለወጣቶች ብታቀርቡት ደስ ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የአሥር ዓመት ልጅና የሰማንያ ዓመት አያት አብረው እንዲቀመጡ ከተፈለገ ግን የቤሪ ፊልም ይቀድማል፤ ሳቅ አለው፤ ልጁም በሕይወት ወደ ወላጆቹ ይመለሳል።

ስለ ድምፅ ሥራው ጥቂት ልበል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ አርጅቷል ተብሎ እንዳይታለፍ እፈራለሁ፤ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ የሚናገሩት ሰዎችም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ከተከታታይ ድራማዎች ጋር ሲነጻጸር ሥራው ቀላል ነው። የሽማግሌው ድምፅ የዜና አንባቢ ድምፅ እንዳይሆን እለምናለሁ። በማኅበረሰባችን ውስጥ ሲቆጡ ቤቱን የሚያንቀጠቅጡ፣ ሲያባብሉ ደግሞ ልብ የሚያቀልጡ አዛውንቶች ሞልተዋል፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ ይፈለግ። የልጁ ድምፅ የልጅ ይሁን። ልጅ መስላ የምትናገር ትልቅ ሴት ከገባችበት ተመልካቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ያውቀዋል። የእኛ ልጆች አማርኛቸው ይሰባበራል ብላችሁ ከሆነ አንድ ልጅ ለአንድ ወር ከአያቱ ጋር እያጠና ይዘጋጅ፤ ያ ዝግጅት ራሱ ትርፍ ነው። የግርጌ ጽሑፍ ብቻ ይበቃል የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ አማርኛም ቢሆን ማንበብ የማይችሉ ወላጆች በብዛት እንዳሉን አስታውሱ። ይልቁንስ ድምፁ በአማርኛ ሆኖ ዕብራይስጡ ከግርጌው ቢጻፍ የልጅ ልጆቹም ምንም አያመልጣቸውም፤ ለአንድ ምሽት እንኳ አስረጂዋ አያት፣ ጠያቂው ልጅ ይሆናሉ።

ከፊልሙ በኋላ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ ባለሙያዎች ተደርድረው እንዲተነትኑ አልፈልግም። በዚህ አገር ሰዎች በሾዓ ዋዜማ በየሳሎናቸው ተሰብስበው ከእልቂቱ የተረፈ ሰው ታሪኩን እንዲነግራቸው የሚጋብዙበት «ዚካሮን ባሳሎን» የተባለ ልማድ አለ። ልጅ ሆኖ በፈረንሳይ፣ በቤልጅየም ወይም በሆላንድ ተደብቆ ያደገ አንድ ሰውና በሱዳን ካምፕ ልጇን ስሟን ያስቀየረች አንዲት እናት በአንድ ሳሎን ተቀምጠው፣ አስተርጓሚ በመካከላቸው ሆኖ፣ እርስ በርስ ቢጠያየቁ ካሜራችሁ ዝም ብሎ ይቅረጽ። በጦርነቱ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ውስጥ ናቸው፤ የእኛም ወላጆች እያለፉብን ነው። ከቄሶቻችን አንዱ ወይም ሁለቱ ቢገኙበትና በመጨረሻ ላይ በግዕዝ ጸሎት ቢያደርሱ እጅግ ያምራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመብት ክፍያውንና የስቱዲዮውን ወጪ ጣቢያዎቹ በጋራ ቢካፈሉት ለአንዱ ብቻ ሸክም አይሆንም፤ ፊልሙም በአንድ ምሽት በሁሉም ሊተላለፍ ይችላል። በበኩሌ ጽሑፉን ወደ አማርኛ በመመለስ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ፤ ልጆቹን ለማስጠናት ፈቃደኛ የሆኑ ሌሎች መምህራንም አሉ። የድምፅ ሥራ፣ የመብት ድርድርና የእንግዶች ፍለጋ ወራት የሚወስድ ስለሆነ፣ ጥያቄውን የምትቀበሉት መሆን አለመሆናችሁን ከሱኮት በዓል ማግስት ባሉት ሳምንታት ውስጥ በጣቢያችሁ በኩል ይፋ እንድታደርጉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የማኅበረሰቡ አባል የሆንሁ አንዲት መምህርት፣ ረሖቮት